«ፎርማት አርግልኝ»

«ጋሼ፣ ፎርማት ታረግልኛለህ?» ብላ ነው የገባችው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ መጣ።

የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪ ናት። ኮሌጁ ረጅም የኢንስቲትዩት ስም ከወጣለት ቆይቷል፤ ልደታ ግን ዛሬም ሕንፃ ኮሌጅ ነው የሚለው። የያዘችው ላፕቶፕ ተገልብጠው ታብሌት ከሚሆኑት፣ በገበያው አጠራር «ኤክስ 360» ከሚባሉት ነው። ስላሽ ነው፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ያገለገለ፤ ክዳኑ ላይ የአንድ የውጭ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር ከተለጠፈበት ስቲከር ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ምን ሆነ ስላት ኪቦርዱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይሠራም አለች። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ቤቷ ስትወስደው በማግስቱ ያው ነው። «ቫይረሱ አልለቀቀውም» ብለዋታል። እኔ ዘንድ የመጣችው ለሦስተኛው ፎርማት ነው።

የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰካሁ፤ ይጽፋል። ባዮስ ውስጥ ገባሁ፤ የራሱ ኪቦርድ እዚያም ድርቅ ብሏል። ባዮስ ውስጥ ስንሆን ዊንዶውስ ገና አልተነሣምና ዊንዶውስን ከተጠርጣሪነት አወጣሁት። ኪቦርዱ ሞቷል አልኩና ዋጋ ነገርኳት። ዋጋው ያስደነግጣል፤ በዚህ ሞዴል ኪቦርዱ ለብቻው ሳይሆን ከነላይኛው አካሉ ነው የሚቀየረው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለማንኛውም ከፍቼ ልየው ብዬ ልገለብጠው ስል ጎኑ ላይ ያለው የስዕል እስክሪብቶ አስቸገረኝ። እስክሪብቶው እንዳይጠፋባት ጎኑ ላይ ትንሽ ብረት ለጥፋ፣ ማግኔት ያለው ማቀፊያ ታጣብቅበታለች። አላቅቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መልሼ ቀና ሳደርገው እጄ ኪቦርዱን ነካው፤ ጻፈ። እስክሪብቶውን መለስኩት፤ ዝም አለ። አነሣሁት፤ ጻፈ። አራት አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። እሷም ወንበሯን ጠጋ አድርጋ አየች፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

የሙያ ጓደኞቼ ቀሪውን ያውቁታል። ማሽኑ ታብሌት ሆኖ መታጠፉን የሚያውቀው ማግኔት በሚያነብ ትንሽ ሴንሰር ነው፤ ታጥፏል ብሎ ሲያምን፣ ከሥር የያዘው ሰው ጣት ፊደል እንዳይነካ ኪቦርዱን ራሱ ያጠፋዋል። ማግኔት ያለው የስልክ ከቨርም እንዲሁ ሊያደርገው ይችላል። ጥገና ቤት ስትሄድ እስክሪብቶውን ቤቷ ትታው ነበር የምትሄደው። ያን ዕለት ግን ከክፍል በቀጥታ ስለመጣች ይዛው መጣች። እኔ ከቀደሙኝ ሰዎች የተሻልኩት በዕድል ነው። ግማሽ ቀን ብትዘገይና ቤቷ ደርሳ ብትመጣ ኖሮ ምን እል እንደነበር አስቤ እስከ ዛሬ ደስ አይለኝም።

ከዚያ «ፋይሎቼስ?» አለች። ኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ከመድረሱ በፊት ከጓደኞቿ ጋር ሜትር ይዛ የለካቻቸው፣ ፎቶ ያነሣቻቸው አሮጌ ቤቶች ነበሩ። ቤቶቹ አሁን የሉም። ስዕላቸውም በፎርማቱ ጠፍቷል።

ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። «ፎርማት» የምትለዋ ቃል በዚህ ከተማ እንደ ጠበል ሆናለች፤ ለማንኛውም በሽታ ትታዘዛለች። ላፕቶፑ ቀረፈፈ፣ ፎርማት። ድምፅ አጣ፣ ፎርማት። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ፣ ፎርማት። ባትሪው ቶሎ አለቀ፣ እሱም ፎርማት! ደንበኛው መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ ነው የሚመጣው፤ እኛም ምን አመመው ሳንል ፍላሻችንን እንሰካለን።

ፎርማት አንዳንዴ የሚያድን የሚመስልበት ምክንያት አለው። የልጅቷ ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ የሠራው እስክሪብቶው ስላልነበረ ነው፤ ባለሙያው ግን ፎርማቱ ነው ብሎ ከልቡ አምኗል። ሌላው ደግሞ ማሽኑ ሱቅ ሲያድር ይቀዘቅዛል፣ ያርፋል፣ በትክክልም ዳግም ይነሣል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ስንለው ማሽኑ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፣ ጠዋት ያንኑ አንሥቶ ይቀጥላል። የትናንቱ ችግር ከነጓዙ ይመለሳል። «ሪስታርት» ነው ከዜሮ የሚያስነሣው። «ሺህ ጊዜ ዘግቼ ከፍቼዋለሁ» ለሚለኝ ደንበኛ አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጌ የመለስኩለት ላፕቶፕ ብዛት ብናገር የሚያምነኝ የለም። ገንዘብ መቀበልም ያሳፍራል።

ፎርማት በከንቱ አልተወደደም፤ ዘመን ነበረው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ፣ እዚህ ልደታ ፍርድ ቤቱ ዙሪያ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ፍላሽ በቀን ስንት ኮምፒውተር ይዞር ነበር፤ ፍላሹ ሲሰካ ራሱ የሚነሣ ቫይረስ ይዞ። ያኔ አንድ ሰዓት ከቫይረሱ ጋር ከመታገል ጠርጎ መጫን ያዋጣ ነበር። «ዶክመንትህን ዲ ላይ አድርግ» የሚለው ምክርም የመጣው ከዚያ ነው፤ ሲ ይጠረጋል፣ ዲ ይተርፋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ያን የፍላሽ በር በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶችም ላይ ዘጋው። ኤክስፒ ራሱ መጋቢት 30 ቀን 2006 ድጋፉ ተቋረጠ። ልማዱ ግን እኛ ዘንድ ቀረ።

በመካከል ዲስኩ ተለወጠ። ድሮ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ በስሕተት ፎርማት የተደረገ ፋይል ላዩ ላይ ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ አብዛኛውን እንመልስ ነበር፤ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ይዘቱን አልነበረም። የዛሬዎቹ ስላሾች ግን ኤስኤስዲ ናቸው። ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል፤ ዲስኩ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ተብሎ ይነገረዋል፣ እሱም ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ የማገገሚያ ሶፍትዌር ሌሊቱን ቢሠራ የሚያነበው ባዶ ነው። የልጅቷን ዲስክ ሁለት ቀን ይዤ ሞከርኩት። እንደማላገኝ አውቅ ነበር፣ አላገኘሁምም። «ዲ ላይ ነው ያለው፣ አትስጋ» የሚሉኝም አሉ፤ የስላሹ 256 ጊጋ ዲስክ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ፣ ዲ የሚባል ኖሮት አያውቅም።

አንድ ጠበቃ ደንበኛ አሉኝ። ላፕቶፓቸው አንድ ጠዋት ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ የ48 አኃዝ ቁልፍ ጠየቃቸው። ቢትሎከር ነው፤ ባዮሱ ሲታደስ ዲስኩ ባለቤቱን ተጠራጠረ። አንድ ወጣት «ከፎርማት ውጪ መፍትሔ የለውም» ብሏቸው እሺ ሊሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። «ማሽኑን መጀመሪያ የከፈተልዎት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ ነው፣ ከካናዳ ሲልክልኝ» አሉ። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ማሽኑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ደወሉለት፤ እዚያ ሌሊት ነው። ልጁ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ ስድስት ስድስት እያደረገ ስምንቱን ክፍል አነበበ፣ እሳቸው በድምፅ ማጉያ እየደገሙ፣ እኔ እየጻፍኩ። አምስተኛው ላይ ተሳሳትንና ከመጀመሪያው ጀመርን። ተከፈተ። በአሥር ደቂቃ ያለቀ ነገር ነው፤ ፎርማት ቢሆን ኖሮ የስንት ሰው መዝገብ ሄዶ ነበር።

ፎርማት ማድረግ ቢያንስ አይጎዳም የሚለኝም አለ። ይጎዳል። የልጅቷ ማሽን ከፎርማቱ በፊት ሲገለበጥ ስክሪኑ አብሮ ይዞር ነበር፤ እኔ ጋ ሲመጣ አይዞርም። የተጫነላት ዊንዶውስ የሴንሰሩን ድራይቨር አልያዘም፤ የጫነውም ሰው የአምራቹን ገጽ ከፍቶ አልጨመረላትም። ማለትም ታብሌት የሚሆንበትን ነገር ቆርጠው ነው የመለሱላት። ከዚህ የባሰው አክቲቬተሩ ነው። ዊንዶውሱን «ለማንቃት» ተብሎ መጀመሪያ ዲፌንደር ይጠፋል፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም ይሮጣል። ቫይረስ ፈርቶ የመጣ ሰው ጸረ ቫይረሱ ተዘግቶለት፣ እንግዳ ፕሮግራም ተጭኖለት፣ ከፍሎ ይሄዳል። ለዚያውም አያስፈልግም! ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ይዘው የወጡ ማሽኖች ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ነው የተቀመጠው። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ስላሽ ብዙውን ጊዜ ባለ ፕሮ ፈቃድ ነው፤ ከማይክሮሶፍት የወረደ ንጹሕ ፕሮ ጭናችሁ ኢንተርኔት ብታገናኙት ራሱ ይነቃል። ይህን ለስንት የሙያ ጓደኛ ነገርኩ፤ «ፍላሼ ላይ ያለው ይቀለኛል» ነው መልሱ።

ስክሪን ብልጭ ድርግም የሚለውስ? በነዚህ ተገልባጭ ማሽኖች የስክሪኑ ኬብል የሚያልፈው በማጠፊያው በኩል ነው። ባለቤቱ በየቀኑ አንድ ጥጉን ይዞ ይከፍተዋል፤ መሐሉን ይዞ መክፈት የሚያውቅ ሰው በዓመት አንድ ቢመጣ ነው። ማጠፊያው ይጣመማል፣ ኬብሉ ይላላል፤ አንድ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ማየት ሁለት ደቂቃ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ካለ ዊንዶውሱ ምን በደለ?

የሚቀረፍፈውን ስከፍት ብዙ ጊዜ የማገኘው ያው ነው። ደጁ ሁሉ ግንባታ ነው፤ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው መሐል አቧራው ተጠቅጥቆ ምንጣፍ ሆኗል፣ በሁለት ጣት ይዤ እንደ ጨርቅ ነው የማነሣው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራው ወጥቶ የሙቀት ፔስቱ ሲቀየር ይነቃል። እዚያው አቧራው ላይ ፎርማት የተደረገ ማሽን ደግሞ ለሁለት ቀን ፈጥኖ ተመልሶ ይተኛል።

ባትሪውን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህ የገንዘብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ታችፓዱ አልጫን ሲል፣ ክዳኑ ገጥሞ አልዘጋ ሲል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እንደ እግረ አጭር ወንበር ሲወዛወዝ፣ ከሥር ያበጠ ባትሪ አለ። ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ግሎ የኖረ ሊትየም ባትሪ ውስጡ ጋዝ ይሠራል። ታችፓዱ እምቢ አለ ተብሎ ፎርማት የተደረገ፣ ባትሪው ግን እንደ ትራስ ያበጠ ማሽን አጋጥሞኛል። አይወጋ፣ አይጫን፣ ቻርጅ አይደረግ። ቻርጀር ላይ የሚውል ሰው ባዮሱ ወይም የአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ እንዳለ ይይ፤ በብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ሞዴሎች ላይ አለ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው «11 ጫንልኝ» ሆኗል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ፣ ቲፒኤም 2.0 ካለው ይሁን። 7ኛ ትውልድን በማታለያ መጫን ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም፣ ቀጣዩ ማሻሻያ እምቢ ሲል የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

ለሁሉም ነገር «ፎርማት» ማለቱ ጥፋቱ የደንበኛው አይደለም። እኛ ነን ያስለመድነው። ፎርማት ዋጋው ይታወቃል፣ አያከራክርም፣ ፍላሹ ሲሠራ ቡና መጠጣት ይቻላል። መመርመር ግን ጊዜ ይበላል፣ የሚከፍልበትም የለም። ልጅቷ ስትወጣ «ስንት ነው?» አለችኝ። እስክሪብቶ ከጎኑ ማንሣት ስንት እንደሚያስከፍል አላውቅም ነበርና ለሴንሰሩ ድራይቨር ብቻ ተቀበልኳት። ለሁለቱ ፎርማቶች የከፈለችው ከዚያ ይበልጣል።

ስለዚህ ወደዚህ የምትመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ፎርማት አትበሉኝ። መቼ እንደሚያቆም፣ የት ተቀምጦ፣ ምን ተሰክቶበት እንደሚያቆም ንገሩኝ። ቻርጀሩን፣ ማውሱን፣ እስክሪብቶውን፣ የስልካችሁን ከቨር፣ ከጎኑ የምታስቀምጡትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ።