ኮሮናው ለቀቀኝ ካሉ በኋላ ያበጠ እግር፦ ስኳር ላለባችሁና ስኳር ያለበት ሰው እቤታችሁ ላላችሁ



ዛሬ የምነግራችሁ ቡራዩ ስለሚኖሩ አንድ አባት ነው። "ለሌላው ትምህርት ይሁን" ብለው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ዕድሜያቸው ስልሳ አልፏል፣ ከስኳር ጋር ከአስር ዓመት በላይ ኖረዋል። ኮሮና ሲይዛቸው ኦክስጅን አላስፈለጋቸውም፤ እቤታቸው ሆነው እኔ በስልክ እከታተላቸው ነበር። በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ሳሉም ቀነሰ። "ዶክተር፣ ተመስገን ነው፣ ተርፌያለሁ" አሉኝ። እኔም "እንኳን እግዜር ማረዎት፤ በደንብ ይብሉ፣ ይረፉ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እሳቸውም እንዳልኳቸው አረፉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ሆነ። በዚህ መሃል የግራ ባታቸው አበጠ። ብዙም ስላላመማቸው ችላ አሉት። ልጃቸው "ወለም ብሎዎት ይሆናል" ብላ ወጌሻ አስመጣች፤ እግራቸው በቅባት ታሸ። በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ሳሎን እስኪደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ላብ አጠመቃቸው። ቤተሰቡ "ስኳሩ ወርዶ ነው" ብሎ ጣፋጭ ሻይ አጠጣቸው። ኋላ ሲለካ ስኳራቸው ከ300 በላይ ነበር! ሆስፒታል ሲደርሱ ከእግራቸው የተነሳ የረጋ ደም ሳንባቸው ውስጥ ተገኘ።

ፈጣሪ ይመስገን ተርፈዋል። ልጃቸው ግን እስካሁን "እኔ ነኝ ያሳሸሁት" እያለች ታለቅሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። "ይረፉ" ብዬ፣ "እግርዎን ይመልከቱ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ይራመዱ" ሳልል ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ኮሮና የሳንባ በሽታ ብቻ አይደለም እንዴ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ሲገኝ ሁላችንም የምናወራው ስለ ሳንባ፣ ስለ ኦክስጅንና ስለ ቬንቲሌተር ነበር። በኋላ ግን በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የታማሚዎቹ ደም ከልክ በላይ ይረጋል። እግር ላይ፣ ሳንባ ላይ፣ ልብ ላይ፣ አንጎል ላይ።

ደም ቧንቧ ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የደም ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሲጎዳ ነው። ሁለተኛው ደሙ ራሱ ለመርጋት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ፍሰቱ ሲቀዘቅዝ ነው። አሁን ስኳርና ኮሮና ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ተመልከቱ።

👉 ቧንቧው፦ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የደም ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። ኮሮና ሲመጣ ቫይረሱና እሱ የሚቀሰቅሰው ብግነት ያንኑ የተጎዳ ሽፋን እንደገና ያቆስላሉ።

👉 ደሙ፦ ስኳር ባለበት ሰው ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት በቀላሉ ይጣበቃሉ፤ ሰውነት የረጋ ደምን የሚያሟሟበት አቅምም ይዳከማል። ኮሮና ደግሞ ደምን የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ይጨምራል።

👉 ፍሰቱ፦ ሰው ሲታመም ይተኛል፣ አይንቀሳቀስም። ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ሽንት ይበዛል፣ የሰውነት ውሃ ያልቃል፣ ደሙ ይወፍራል።

አያችሁ? አንዱ በሽታ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

አደጋው መቼ ያልፋል?

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ትኩሳቱ ሲለቅ አደጋው አብሮ አይለቅም። በ2014 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት ኮሮና የያዛቸውን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከታትሎ ነበር። እግር ላይ ደም የመርጋት ዕድል እስከ 3 ወር፣ ሳንባ ላይ ደግሞ እስከ 6 ወር ድረስ ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳይቷል። በጽኑ በታመሙና ሌላ ተጓዳኝ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ አደጋው ይብሳል።

አትደንግጡ! በዚያው ጥናት በመጀመሪያው ወር ሳንባቸው ላይ ደም የረጋባቸው ከ1,000 ሰው 2 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ መፍራት ሳይሆን ማወቅና ማየት ነው የሚያስፈልገው።

ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ላይሰማው ይችላል

ይህችን አስምሩባት። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግር ነርቭን ያደነዝዛል። ሌላ ሰው ባቱ ላይ ደም ሲረጋ ያመዋል፣ ስኳር ያለበት ሰው ግን ላያመው ይችላል። የልብ ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ደረት ሳይወጋ በላብ፣ በትንፋሽ ማጠርና በከባድ ድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕመምን አትጠብቁ፤ በዓይናችሁ እዩ።

✔ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ
✔ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ ወይም ራስን የመሳት ነገር ካለ
✔ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ከታዩ "እስኪነጋ እንይ" አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። የቡራዩ ሰዎች ወደ ከተማ ስትገቡ አስኮን አልፋችሁ ጳውሎስ ሆስፒታል አለላችሁ። የእግር እብጠት ብቻ ቢሆንም በዚያው ቀን ታዩ፤ በአልትራሳውንድ ይታወቃል።

ምን እናድርግ?

1. ስኳርዎን ቶሎ ቶሎ ይለኩ። በታመሙ ጊዜ ምግብ ቢቀንሱም ስኳሩ ሊጨምር ይችላል። "አልበላሁም" ብለው ኢንሱሊን በራስዎ አያቁሙ፤ መጠኑን ሐኪምዎ ያስተካክላል። ማስታወክና ተቅማጥ ካለ ስለሚወስዱት ኪኒን ደውለው ይጠይቁ። ላብ ሲያልብዎት "ወርዶ ነው" ከማለትዎ በፊትም ይለኩ። መለኪያ ከሌለ ግን ስኳር ነገር ቅመሱና ቶሎ ካልተሻለ ወደ ሕክምና ሂዱ።

2. ዝንጅብሉም ነጭ ሽንኩርቱም ይሁን፣ ማሩን ግን ተዉት። ለጉንፋን ብለን በሻይ የምንምገው ማር ስኳር ነው።

3. ውሃ ይጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

4. ይንቀሳቀሱ። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ከሳሎን እስከ በር ይሂዱ። መነሳት ካልቻሉ አልጋ ላይ ሆነው የእግር ጣቶችዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ።

5. ጠዋትና ማታ ሁለቱን ባቶች ያስተያዩ። ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። የስፌት ሜትር ካለ ለኩት።

6. በድንገት ያበጠ እግር አይታሽ! ወጌሻም ይሁን ቤተሰብ፣ በቅባትም ይሁን በቅቤ፣ ሐኪም ሳያየው አትንኩት። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

7. መድኃኒት ቤት ሄደው በራስዎ አይግዙ። "ደም ያቀጥናል" ተብሎ አስፕሪን የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ሆስፒታል የተኙ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የኮሮና ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም፤ ደም የማፍሰስ ጣጣ ግን አለው። ቀድሞ ለልብዎ ታዞልዎት ከሆነ ደግሞ አያቋርጡት። ዴክሳሜታዞንም ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ታማሚ ነው የጠቀመው፤ እቤት ላለ ስኳርተኛ ትርፉ ስኳሩን መስቀል ነው።

ደም መርጋቱ ከተረጋገጠ ሕክምና አለው። መርፌ ወይም ኪኒን ይታዘዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል። "ተሽሎኛል" ብለው መሃል ላይ እንዳያቋርጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ አብቅቷል ብሏል። ቫይረሱ ግን ከመካከላችን አልወጣም፤ ስኳሩም አልወጣም።

እኚያ አባት ዛሬ ደህና ናቸው። በየጠዋቱ ሰፈራቸውን ዞር ዞር ይላሉ። ስንደዋወል ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቃቸው "እግርዎ እንዴት ነው?" ብዬ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ስኳር ላለባቸው እናት አባታችሁ ደውሉና ይህንኑ ጠይቁልኝ።

ለሚመለከተው ሰው እንዲደርስ ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!