ሞተሪኖው ከመቀየሩ በፊት፦ የማስነሻ መስመርን በቮልቴጅ ቅናሽ መመርመር

የመኪና ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰምቶ ሞተሩ አልዞር ሲል፣ በብዙ ጋራዦች የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ «ሞተሪኖው ሞቷል» የሚል ነው። ሞተሪኖው ይወርዳል፤ አዲስ ወይም ያገለገለ ይገዛል፤ ይገጠማል። መኪናው ቢነሳ እንኳ ምክንያቱ የዕቃው መቀየር ላይሆን ይችላል። ለሥራው ሲባል የተፈታው የዛገ ብሎን ተፍቆና ጠብቆ በመታሰሩ ብቻ ከረንቱ መንገድ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ሲመለስ ችግሩም ይመለሳል፤ ባለንብረቱም ለሁለተኛ ጊዜ ያልተበላሸ ዕቃ ይቀይራል። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ወጪ የሚያድነውን የመለኪያ ዘዴና ዘዴው የቆመበትን የኤሌክትሪክ አሠራር ያብራራል።

የማስነሻው ሥርዓት ሁለት መስመሮች አሉት። ዋናው መስመር ከባትሪው ፖዘቲቭ በወፍራም ገመድ ተነሥቶ በሶሎኖይዱ ኮንታክት በኩል ወደ ሞተሪኖው ይገባል፤ ከዚያም በሞተሩ አካልና በማሳው ገመድ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። የመቆጣጠሪያው መስመር ቀጭን ነው፤ ከማስነሻ ቁልፉ በፊውዝ፣ በሪሌና በካምቢዮ ወይም በፍሪሲዮን ማብሪያ አልፎ ወደ ሶሎኖይዱ ይደርሳል። በጀርመኑ የዲን 72552 አሰያየም ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ተርሚናል 30፣ ከቁልፉ የሚመጣው ደግሞ 50 ይባላል። ከቁልፉ እስከ 50 ያለው መስመር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ «ጠቅታ» እንኳ አይሰማም።

ሶሎኖይዱ በተለምዶ እንደ አንድ ማግኔት ይታሰባል፤ በውስጡ ግን ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት። ሁለቱም ከተርሚናል 50 ይነሣሉ። ሳቢው ጥቅል ወፍራም ሲሆን ወደ ማሳ የሚደርሰው በራሱ በሞተሪኖው ውስጥ አልፎ ነው፤ ያዡ ጥቅል ቀጭን ሆኖ በቀጥታ ከሶሎኖይዱ ገላ ጋር ይያያዛል። ቁልፉ ሲዞር ሁለቱ ተባብረው የብረቱን ዘንግ ይስባሉ፤ ዘንጉም ፒኞኑን ወደ ቮላኖው ጥርስ ይገፋና ዋናውን ኮንታክት ይዘጋል። ኮንታክቱ በተዘጋ ቅጽበት የሳቢው ጥቅል ሁለት ጫፎች እኩል ቮልቴጅ ላይ ስለሚሆኑ ከረንት አያልፍበትም፤ ዘንጉን ይዞ የሚቆየው ያዡ ብቻ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ደግሞ ኮንታክቱ ለጥቂት ጊዜ ገና ዝግ ስለሆነ ከረንቱ በሳቢው ጥቅል ወደ ኋላ ዞሮ በያዡ በኩል ይወጣል። በብዙ ሶሎኖይዶች የሁለቱ ጥቅሎች ዙር ቁጥር እኩል የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ተቃራኒ የሆኑት ማግኔቶች ይጣፋሉ፣ ስፕሪንጉም ዘንጉን ይመልሳል።

ይህን የተረዳ ሰው ምልክቶቹን ማንበብ አይከብደውም። ያዡ ጥቅል ከተቆረጠ ዘንጉ ይሳባል፣ ኮንታክቱ ይዘጋል፣ ሳቢው ሥራ ያቆማል፣ ዘንጉ ይመለሳል፤ ይህ እየተደጋገመ እንደ መትረየስ የሚንጣጣ ድምፅ ይሰጣል። የደከመ ባትሪም ይህንኑ ድምፅ ያመጣልና ለመለየት ጤናማ ባትሪ ማገናኘት ይበቃል። የካርቦኖቹ ማለቅ ከዚህ ይበልጥ ያሳስታል። የሳቢው ጥቅል መንገድ በሞተሪኖው ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ካርቦኑ ኮሙቴተሩን ካልነካ ሶሎኖይዱም አይስብም፤ ጥፋቱም በሶሎኖይዱ ይመካኛል። ሞተሪኖውን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት መኪናው የሚነሳው ብዙውን ጊዜ የተጣበቀው ካርቦን ለጊዜው ስለሚንቀሳቀስ ነው።

ወደ መለኪያው እንመለስ። አንድ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ሲነሳ 150 አምፔር ይስባል እንበል። በአንድ የዛገ መገጣጠሚያ ላይ 0.02 ኦም ብቻ ቢኖር 3 ቮልት በዚያ ይቀራል፤ 450 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የተለመደው መልቲሜትር ይህን በኦም መለኪያው ሊያሳይ አይችልም፤ የራሱ ገመዶች ሬዚስታንስ ከዚህ ይበልጣልና። ስለሆነም መለካት ያለበት ቮልቴጁ ነው፤ ያውም ከረንት በሚያልፍበት ጊዜ። በመጀመሪያ ሞተሩ እንዳይነሳ የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ይነቀላል። ከዚያ አንዱ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ፣ ሌላው በተርሚናል 30 ብሎን ላይ ሆኖ ቁልፉ ይዞራል። ጫፉ ምሰሶውን ራሱን እንጂ ማሰሪያውን መንካት የለበትም፤ ዝገቱ በአብዛኛው በሁለቱ መካከል ነው። በተመሳሳይ መንገድ በሁለቱ የሶሎኖይድ ወፍራም ብሎኖች መካከል፣ ቀጥሎም በሞተሪኖው ገላና በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ መካከል ይለካል። በልምድ በፖዘቲቩ ወገን በጠቅላላ እስከ 0.5 ቮልት፣ በማሳው ወገን እስከ 0.3 ቮልት ይታለፋል። የባትሪው ቮልቴጅ በዚያው ጊዜ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

አንድ ወጥመድ አለ። ከረንት ከሌለ የቮልቴጅ ቅናሽም የለም፤ ስለዚህ ከገመዶቹ የሚነበበው ዜሮ የጤንነት ማስረጃ አይደለም። ቁልፉ ዞሮ የፊት መብራቱ ሳይደበዝዝ ከቆየ፣ ባትሪውም 12.6 ቮልት ላይ ከጸና፣ መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል። «ጠቅታ» እየተሰማ በሶሎኖይዱ ሁለት ብሎኖች መካከል ሙሉው 12 ቮልት ከተነበበ የተቃጠለው ኮንታክቱ ነው። በአገራችን በብዛት በሚታዩት ቶዮታዎች ላይ ባለው የዴንሶ ሞተሪኖ የመዳብ ኮንታክቶቹ ለብቻቸው ተፈትተው ስለሚቀየሩ፣ ሙሉ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ስለ ገመድ ምርጫም ጥቂት ማለት ይገባል። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ 0.0172 ኦም ስኩዌር ሚሊሜትር በሜትር ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 25 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ በ150 አምፔር 0.15 ቮልት ገደማ ያባክናል፤ በምትኩ ባለ 10 የቤት መስመር ሽቦ ቢታሰር ብክነቱ ወደ 0.39 ቮልት ያድጋል። መገጣጠሚያዎቹ ሳይቆጠሩ የተፈቀደው መጠን ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ብዙ ከረንት ለሚስብ የናፍጣ ሞተርማ ይህ ሽቦ ጨርሶ አይታሰብም።

በመጨረሻ ስለ ጠመንጃ መፍቻ። ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች በመፍቻ ማገናኘት ሞተሪኖው ያለ ጭነት መዞሩን ያሳያል እንጂ ቮላኖውን የማዞር አቅሙን አያሳይም፤ ፒኞኑ አልተገፋምና። 30ን ከ50 ጋር ማገናኘት የበለጠ ይነግረናል፤ ሞተሩ ከዞረ ጥፋቱ ከቁልፉ እስከ 50 ባለው መስመር ላይ ነው። ነገር ግን የካምቢዮውን ማብሪያ ስለሚዘል፣ ማርሽ የገባበት መኪና በሠራተኛው ላይ ሊሄድበት ይችላል። ካምቢዮው ዜሮ ላይ መሆኑና የእጅ ፍሬኑ መሳቡ ሳይረጋገጥ አይሞከርም።