ቀን የሌለው ጎርፍ፦ የበሰቃ ሐይቅ መስፋፋትና የመተሐራ አካባቢ

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሱማትራ አቅራቢያ የተነሣው ሱናሚ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ሶማሊያ ሲደርስ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሐፉን ጠረፍ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ተሰባብረዋል፤ የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶችም ጨው ገብቶባቸዋል። ማዕበሉ በዚያው ዕለት ወደ ባሕሩ ሲመለስ ጨው ግን በጉድጓዶቹ ቀረ።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ ከአዳማ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው መተሐራ፣ ጨዋማ ውኃ መሬት መውሰድ ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል።

ሐይቁ የተፈጥሮ መውጫ የለውም። በአካባቢው የሚዘንበው ዝናብ በትነት ከሚታጣው ውኃ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ጭማሪው ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት። በዚህ ረገድ ሁለት መላምቶች ይቀርባሉ። አንደኛው መስኖን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ በኋላ የአዋሽ ፍሰት ዓመቱን ሙሉ ለእርሻ አመቺ ሆነ፤ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ማሳና በአባድር እርሻ የፈሰሰው ውኃም ከፊሉ ወደ መሬት ሠርጎ ወደ ሐይቁ ያመራል። ሁለተኛው በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ያለውን የመሬት እንቅስቃሴና በሐይቁ ዳር የሚፈልቁትን ፍል ውኃዎች ያነሣል። የመስፋፋቱ ጊዜ ከመስኖው መጀመር ጋር መገጣጠሙ የመጀመሪያውን ያጠናክራል። ሆኖም ፍል ውኃዎቹ ራሳቸው በከርሰ ምድር ውኃ መጨመር የሚጎለብቱ ከሆነ፣ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም። የአየር ጠባይ ለውጥ ብቻውን በቂ ማብራሪያ አይሆንም፤ በዚያው ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው አብያታ ሐይቅ በአንጻሩ እየሸሸ ነውና።

ጉዳቱ በዋናነት የወደቀው በከረዩ አርብቶ አደሮች ላይ ነው። በበጋ የሚጠጉበትን የአዋሽ ዳርቻ አስቀድሞ የስኳር እርሻውና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወስደውታል፤ ከቀረው የግጦሽ መሬት ደግሞ ሐይቁ ወሰደ። የአገዳው ማሳም ከፊሉ በጨው ተጎድቷል። የጅቡቲው መንገድና የባቡር ሐዲድ ግን በተደጋጋሚ ከፍ እንዲሉ ተደርጓል። ይህ ልዩነት ትኩረት ይሻል፦ የወጪና ገቢ ንግድ የሚተላለፍበት መሥመር ወዲያው መሐንዲስ ያገኛል፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የሚጠፋ ግጦሽ ግን አደጋ ደረሰ ተብሎ የሚመዘገብበት ቀን የለውም።

ሐይቁን ለመቀነስ በቦይ አማካይነት ውኃው በተወሰነ መጠን ከአዋሽ ጋር እየተደባለቀ እንዲለቀቅ ተደርጓል። ለመተሐራ እፎይታ ነው። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ ጉዞው በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ የበሰቃ ጨው ከተፋሰሱ አይወጣም፤ ቦታ ብቻ ይለውጣል። በመንገዱም የአፋር አርብቶ አደሮች የሚጠጡትን ወንዝና ቀድሞውኑ አፈራቸው በጨው የተጎዳውን የአሚባራ መስኖ እርሻዎች ያገኛል።