ስትሮክ በመንዝ ደጋ፦ ከምቱ በፊት ያለው ጊዜ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ዝውውር በድንገት ሲስተጓጎል የሚደርስ ጉዳት ነው። መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ የረጋ ደም የደም ሥሩን ይዘጋዋል፣ ወይ ሥሩ ፈንድቶ ደም በአንጎል ውስጥ ይፈሳል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያው ይበዛል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግን የሁለተኛው ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ጎልቶ ይታያል። ይህም ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊትን ያመለክታል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። አስቀድሞ ግን በሲቲ ስካን የስትሮኩ ዓይነት መለየት ይኖርበታል። የሁለቱ ምልክቶች ተመሳሳይ ስለ ሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ደም ለሚፈስሰው ሕመምተኛ ደግሞ ይኸው መድኃኒት ገዳይ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ሳይደረግ በቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሰዓት ወደ መንዝ ወስደን እንመልከተው። አገሩ በሞፈር፣ በአዳባይና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። ከመንገድ የራቀ ሕመምተኛ በቃሬዛ እስከ መኪና ይወርዳል፤ ከዚያም በየደረጃው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል። ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሳለ የታመመ ከሆነ ሰዓቱ መቼ እንደ ጀመረ እንኳ አይታወቅም። የፊት መጣመም «መጋኛ ነው» ተብሎ ከታለፈ ደግሞ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ የአንድ ወገን ፊት ሲወድቅ፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ግዴታ ቢሆንም፣ ለብዙው ደገኛ ዋናው ሕክምና ከምቱ በፊት የሚደረገው ነው።

በ32 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኢንተርስትሮክ ጥናት ከስትሮክ 90 ከመቶ ያህሉን ሊለወጡ ከሚችሉ 10 መንሥኤዎች ጋር አያይዞታል፤ ከሁሉም የላቀው የደም ግፊት ነው። የላይኛውን ግፊት በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ማድረግ የስትሮክን አደጋ ከሩብ በላይ እንደሚቀንስም ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት 16 ከመቶ ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል። አማካይ የጨው ፍጆታም በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። በገጠር ይህ ጨው በአብዛኛው ከፋብሪካ ምግብ ሳይሆን ከወጥና ከበርበሬ ድልህ የሚገባ ነው። ስለሆነም ልኩን የምትወስነው ወጥ ሠሪዋ ናት፤ ምክሩም ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለእርሷም ሊደርስ ይገባል። አረቄን መቀነስና የኩበት ጭስ ከቤት የሚወጣበትን መንገድ ማበጀትም የዚሁ ጥረት አካል ነው።

በወጣቶች ላይ የሚደርሰው ስትሮክ ሌላም ምንጭ አለው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ የልብ በሽታን ያስከትላል፤ ከተጎዳው ልብ የሚነሣ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ይሄዳል። የጉሮሮ ሕመምን በወቅቱ ማከም፣ በሽታው የያዛቸውም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እንዲወስዱ ማድረግ ይህን በር ይዘጋል።

ግፊት ሕመም ሳያሰማ ይኖራልና «ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒን ማቋረጥ ትልቁ ስሕተት ነው። በጾም ወራትም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ የመውሰጃውን ሰዓት ከጤና ባለሙያ ጋር ማስተካከል ይቻላል። የሚያስፈልገው መሣሪያ በጤና ኬላ ሊቀመጥ የሚችል የግፊት መለኪያ ነው። በዚህ ደጋ ላይ የድኅረ ምረቃ ጥናት ለሚያደርግ ሁለት ቁጥሮች ቅድሚያ ይገባቸዋል፦ በቀበሌው ካሉ አዋቂዎች ባለፈው ዓመት ግፊታቸው የተለካው ስንት እንደ ሆኑ፣ መድኃኒት ከጀመሩትም ከ12 ወር በኋላ ሳያቋርጡ የሚገኙት ስንት እንደ ሆኑ። ሁለቱ ቁጥሮች ከፍ ባሉ መጠን በቃሬዛ የሚወርደው ሰው ይቀንሳል።