ስለ ቆልማማ እግርና ስለ ሕክምናው

በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ ልዩ ልዩ ነገር ይጽፋሉ፤ አንዱ ስለ ከዋክብት፣ ሌላው ስለ ነገሥታት፣ ሌላዋ ስለ ንብ እርባታ። እኔም በዚህ በመጨረሻው ዓመቴ አንድ ነገር እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ከገዛ ግራ እግሬ አብልጬ የማውቀው ነገር እንደሌለኝ ተረዳሁ። ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «እግርህን ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ለአንዱ ከበቅሎ ወድቄ ነው፣ ለሌላው ጅብ ነክሶኝ ነው እያልሁ መልሻለሁ፤ ጅቡን ያመኑም አልጠፉም። ስለዚህ እውነቱን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ለመናገር፣ የዋሸኋቸውንም ይቅርታ ለመጠየቅ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

እግሬ ስወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሐኪሞች በእንግሊዝኛው ስም ክለብፉት ይሉታል፤ በአማርኛ ቆልማማ እግር ይባላል። በዓለም ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ግማሽ ያህሉም በሁለቱም እግራቸው ነው። በዚህ እግር ላይ አራት ነገር በአንድነት ይታያል። ተረከዙ ወደ ላይ ተስቦ ጣቶቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፤ ተረከዙ ራሱ ወደ ውስጥ ይጋደላል፤ የእግሩ የፊት ክፍል ወደ ሌላው እግር ይታጠፋል፤ የውስጥ እግሩም ከመጠን በላይ ይጎደጉዳል። ሳይታከም የቀረ ልጅ መራመድ ሲጀምር በእግሩ ጎን ወይም በእግሩ ጀርባ ይረግጣል፤ በዚያም ላይ ቆዳው እየወፈረ ይደነድናል። ባቱም ይቀጥናል፤ እግሩም ከጓደኛው ያንሳል። የእኔ ቀኝ እግር 42 ቁጥር ሲያደርግ ግራው 38 ነው፤ ስለዚህ አባቴ አንድ ጫማ ለማልበስ ሁለት ጥንድ ይገዛል። በግራ እግሩ 42፣ በቀኙ 38 የሚያደርግ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ይንገረኝ፤ ከአልጋዬ ሥር ብዙ አዲስ ጫማ አለኝ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ፣ በዘር የሚተላለፍ ነገር እንዳለበት ታውቋል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሁለት ሰዎች ላይ የሚታይበት ጊዜ አለና። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ለምን እንደ መጣ ሐኪሞች በርግጥ አይናገሩም። በርግጥ የሚናገሩት እናቲቱ እንጨት በመፍለጧ፣ ውኃ በመቅዳቷ ወይም አንዳች ነገር በማየቷ የመጣ አለመሆኑን ነው። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በ2000 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን በተወለድሁ ጊዜ፣ እናቱ በበዓል ቀን እንጨት ስለ ፈለጠች ነው ያሉ ነበሩ፤ የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። እናቴ ይህን ሰምታ ዝም አለች፤ ነገር ግን አልረሳችውም።

የዚህ እግር ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራጥስ ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ያህል በፊት፣ ሕፃኑ ገና ሳለ እግሩን በእጅ ቀስ እያሉ ማቅናትና በጨርቅ ማሰር እንደሚገባ አስተምሯል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ቀስ ማለቱን ረስተው በመሣሪያ በኃይል ወደ ማጣመም ሄዱ። በ1836 እ.ኤ.አ. ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ እርሱ ራሱ በልጅነቱ በያዘው ሕመም እግሩ የቆለመመ፣ እስከ ጀርመን አገር ሄዶ ሽትሮማየር የተባለው ሐኪም የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ቆርጦ አቃናለት፤ ሊትልም ይህንኑ ሙያ ይዞ ተመልሶ ለንደን ላይ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ሐኪም ቤት አቋቋመ።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የፖንሴቲን ታሪክ ነው። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በ1914 እ.ኤ.አ. ሜኖርካ በምትባል የእስፓኝ ደሴት ተወለደ፤ አባቱ ሰዓት ሠሪ ስለ ነበሩ በልጅነቱ ሰዓት በማደስ ይረዳቸው ነበር። በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቁስለኞችን ካከመ በኋላ ተሰድዶ፣ በመጨረሻ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆነ። በዚያም በኦፕራሲዮን የተቃኑትን እግሮች ሲመረምር ደንድነውና ሕመም ይዟቸው አገኛቸው። ስለዚህ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእጅና በጀሶ የሚያቃና ዘዴ አወጣ፤ ዳሩ ግን ለ50 ዓመት ያህል ብዙዎቹ ሐኪሞች ልብ አላሉትም፤ ዘዴው በዓለም የተስፋፋው ፖንሴቲ 80 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በ95 ዓመቱ ዐረፈ።

ዘዴው እንዲህ ነው። የሕፃን እግር አጥንት ገና ለጋ ነው፤ ጅማቱም ይለጠጣል። ሐኪሙ እግሩን በጣቶቹ ይዞ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ከዚያም ጉልበቱ ታጥፎ ከጣቶቹ እስከ ታፋው ድረስ በጀሶ ይታሰራል። በሳምንቱ ጀሶው ይፈታል፤ እግሩ ጥቂት ይዞርና እንደ ገና ይታሰራል። የሚያስደንቀው በመጀመሪያው ጀሶ እግሩ የባሰ የጠመመ መምሰሉ ነው፤ ጎድጓዳው የሚስተካከለው የአውራ ጣቱን ወገን ወደ ላይ በማንሣት ነውና። ይህን ያልተነገራት እናት ሐኪሙ ተሳሳተ ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ከታሰረ በኋላ የፊቱ ክፍል ይቃናል፤ ተረከዙ ግን አልወርድ ስለሚል በአብዛኞቹ ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ምላጭ ይቆረጣል። ጅማቱም በጀሶ ውስጥ በሦስት ሳምንት ረዝሞ ይገጥማል።

እንግዲህ አንባቢ ሕክምናው በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። የእኔም ዘመዶች እንዲሁ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ከጀሶው በኋላ በአንድ ዘንግ ላይ የተገጠሙ፣ ወደ ውጭ የዞሩ ሁለት ጫማዎች አሉ። ሕፃኑ እነዚህን ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ወይም አምስት ዓመቱ ድረስ በእንቅልፍ ጊዜ ሁሉ ማድረግ አለበት። እግሩ ቢቃናም እግሩን ያጠመመው ነገር እስከዚያ ዕድሜ ድረስ መሳቡን አይተውም።

እናቴ ክርስትና በተነሣሁ በሳምንቱ አዝላኝ 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዛ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተቀመጠች፤ ስድስት ጀሶ ታስሮልኝ ጅማቴም ተቆርጦ እግሬ ቀጥ አለ። ባለ ዘንጉን ጫማ ይዛ ወደ መንደር ስትመለስ ሰው ሁሉ እግሬን እያየ እልል አለ። አያቴ ግን ጫማውን አይተው «ይህን ሕፃን እንደ ፈረስ የምትጠፍሩት ምን በድሎ ነው?» አሉ። እኔም ሌሊት ሌሊት እጮህ ነበር። ጫማውን የሰጣት ሰው «እስኪያድግ ይልበስ» ከማለት በቀር ለምን እንደ ሆነ አልነገራትም። ስምንት ወር ሲሆነኝ ጫማው ቆጥ ላይ ተሰቀለ። በሁለት ዓመቴ እግሬ ወደ ውስጥ መዞር ጀመረ፤ በአምስት ዓመቴ እንደ ገና በጎኑ እረግጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የኦፕራሲዮን ታሪክ ነው። በ2006 ዓ.ም. እንደ ገና ጀሶ ከታሰረልኝ በኋላ፣ እግርን ወደ ላይና ወደ ውስጥ የሚስበው ጅማት ከቦታው ተነቅሎ ወደ ውጭው ወገን ተተከለ። ያው በሬ ሌላ ቀንበር ላይ እንደ ተጠመደ ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. ተረከዜ እንደ ገና ስላልወረደ ከኋላና ከውስጥ በኩል ተከፍቶ ብዙ ጅማት ላላ፤ ይህ ፖንሴቲ የሸሸው ዓይነት ነው። እግሬ መሬት ነካ፤ ግን ደነደነ። ከዚያ ወዲህ ቁጢጥ ማለት አልችልም፤ ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል። በቀድሞ ትምህርት ቤቴ አንድ መምህር ስፖርት የምሸሽ ሰነፍ መስያቸው በሰልፍ ፊት አቁመውኛል። እዚህ ግን የአሜሪካዋ የእግር ኳስ ተጫዋች ሚያ ሃም ቆልማማ እግር ይዛ መወለዷን ለስፖርት መምህራችን ብነግራቸው በረኛ አደረጉኝ።

በ2014 ዓ.ም. የተደረገልኝ ከሁሉ የተለየ ነበር። ኢሊዛሮቭ የተባለው ሐኪም ሳይቤሪያ ውስጥ በኩርጋን ከተማ ያወጣው መሣሪያ ነው። በአጥንቱ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች ያልፋሉ፤ ሽቦዎቹ በእግር ዙሪያ ባሉ የብረት ቀለበቶች ላይ ይወጠራሉ፤ ቀለበቶቹ ደግሞ በብሎን ይያያዛሉ። ብሎኑን የሚያዞረው ታማሚው ራሱ ነው። እኔም በቁልፍ በቀን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ያህል አዞር ነበር፤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ማለት ነው። ጧት ስነሣ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታና ስተኛ አዞራለሁ፤ ያዞርሁትንም በደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለተማሪ የሚስማማ ሥራ ነው፤ የሚያመው ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የማታው ዙር ሌሊቱን ይወስዳል። ሽቦው የገባበትን ቀዳዳ በየቀኑ ማጠብ አለ፤ አንዱ ቀዳዳ አመርቅዞ ሦስት ሳምንት መድኃኒት ዋጥሁ። እኅቴ የሱሪዬን ጎን ቀድዳ ቁልፍ ሰፋችበት። ግማሽ ዓመት ትምህርት አመለጠኝ፤ የሒሳብ ደብተሩን እየያዘ ይመጣ የነበረው ጓደኛዬ እዚህ ስሙ እንዳይነሣ ስለ ለመነኝ አልጽፈውም፤ ራሱን ያውቃል።

ዘንድሮ ለምርመራ ስሄድ እናቴ አብራኝ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት የያዘችውን ጥያቄ ለሐኪሙ ያቀረብሁት እኔ ነኝ፦ «ያ ጫማ ባይሰቀል ኖሮ?» አልሁ። ሐኪሙ ወደ እርሷ ዞረው «ጫማውን አድርጎም የሚመለስበት ልጅ አለ፤ ሲቀር ግን መመለሱ ይበዛል። ለምን እንደሚደረግ ለእርስዎ መንገር የነበረብን እኛ ነን፤ እንጨቱ ግን የለበትም» አሏት። ስለ እንጨቱ ማን እንደ ነገራቸው አላወቀችም፤ ቀደም ብዬ የነገርኋቸው እኔ ነበርሁ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ሁለቱም እግሩ የቆለመመ ወንድ ልጅ ተወለደ። ዛሬ ይህ ሕክምና በአዲስ አበባም በክልል ባሉ ብዙ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። እናቴ የሕፃኑን እናት ይዛ ሄደች፤ አሁን በየማታው ከከብቶቹ በኋላ እዚያ ቤት እየገባች የጫማውን ቀበቶ በእጇ ትፈትሻለች። ሕፃኑ ይጮኻል፤ አያትየው ይቆጣሉ፤ እርሷ ግን አትፈታም።

ለእኔ የቀረው አምስተኛው ኦፕራሲዮን ነው። ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉ ሦስት መጋጠሚያዎች ተፍቀው አጥንቶቹ አንድ ሆነው እንዲያያዙ ይደረጋል። ይህ እግር ማደጉን ሲጨርስ የሚደረግ ስለ ሆነ እስካሁን ቆየ። እግሬ ዳግመኛ እንዳይዞር፣ የማታ ማታውም ሕመም እንዲቀንስ ይረዳል፤ በልዋጩ ግን እግሬ ወደ ጎንና ጎን መንቀሳቀሱ ይቀራል፤ ሸክሙም ወደ ላይኛው መጋጠሚያ ስለሚሄድ ከብዙ ዓመት በኋላ እርሱ ሊያልቅ ይችላል። እስካሁን የፈረመው አባቴ ነበር፤ አሁን ዕድሜዬ ስለ ደረሰ የምፈርመው እኔ ነኝ። አባቴ ፈርም ይላል፤ እናቴ አንተ ታውቃለህ ትላለች። ወረቀቱ በጂኦግራፊ ደብተሬ ውስጥ አለ።

ከፈተናው በኋላ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከመንደራችን በታች ወዳለው ወንዝ አንድ ጊዜ መውረድ አለብኝ። መንገዱ ጎርባጣና ቁልቁለት ነው፤ እግሬ በየድንጋዩ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተጋደለ ነው የሚያወርደኝ፤ ከሐምሌ በኋላ እንደዚያ መውረድ አይችልም። ጓደኛዬ፣ ያ የሒሳብ ደብተሩ ባለቤት፣ አብሬህ እወርዳለሁ ብሏል።