ግንባር የት ነው?

በ1990 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ዘምቷል። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቃት እናቴ «ግንባር ነው ያለው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ እጄን ወስጄ ግንባሬን እዳስሳለሁ። ከቅንድቤ በላይ ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ አንድን ወታደር ከነጠመንጃው እንዴት እንደምትይዝ ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል። ማንንም አልጠየቅሁም። ልጅ ያልገባውን ሁሉ አይጠይቅም፤ የራሱን መልስ ሠርቶ ይተኛል።

ካደግሁ በኋላ እንደ እኔው ቃል የተሳሳተባት ልጅ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ አገኘሁ። አና ትባላለች፤ የበርሊን ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ ከናዚዎች ሸሽቶ ስዊዘርላንድ ተቀምጧል። አንድ ቀን በአባቷ ራስ ላይ የሺህ ማርክ ዋጋ እንደተቆረጠ ትሰማለች። ትልቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ አባትየውን ይዞ ላስረከበ የሚከፈል ገንዘብ ነው። አና ግን ሌሊት ተኝታ የምታየው አባቷ ራስ ላይ ሳንቲም ከላይ እየዘነበ ሲቀብረው ነው። ያን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ቃሉን ተሳስታለች፤ ፍርሃቷ ግን ልክ ነው። አባቷን ሊገድሉት ይፈልጋሉ፤ ይህን አውቃለች።

የመጽሐፉ ርእስ በአማርኛ «ሂትለር ሮዝ ጥንቸሌን ሲሰርቅ» እንደ ማለት ነው፤ የታተመው በ1971 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ደራሲዋ ጁዲት ከር ብዙውን ከራሷ ሕይወት ነው የወሰደችው። አባቷ አልፍሬድ ከር የታወቀ የቲያትር ሐያሲና ናዚዎችን በግልጽ የሚቃወም አይሁዳዊ ነበር። በ1933 መጀመሪያ ፓስፖርቱን ሊነጥቁት እንደሆነ ወሬ ሲደርሰው ታሞ ከተኛበት ተነሥቶ አገር ጥሎ ወጣ። ሚስቱና ሁለቱ ልጆቹ ተከተሉት። በዚያው ዓመት ግንቦት ናዚዎች መጻሕፍቱን አቃጠሉ። ቤተሰቡ ከስዊዘርላንድ ወደ ፓሪስ፣ በ1936 ደግሞ ወደ ለንደን ተሻገረ። ከር ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣችው ትንሹ ልጇ ከናዚዎች ስለሚሸሽ ዘማሪ ቤተሰብ የተሠራውን «የሙዚቃ ድምፅ» የተባለውን ፊልም አይቶ፣ እናቱ በልጅነቷ ያሳለፈችውን አሁን ያወቀ ስለመሰለው ነው። እንደዚያ እንዳልነበረ ልትነግረው ጻፈች።

በመጽሐፉ ውስጥ የሚጠፋው ትልቁ ነገር የጨርቅ ጥንቸል ነው። ጓዝ ሲጠቀለል አናን አንድ መጫወቻ ብቻ ያዢ ይሏታል። አሮጌዋ ሮዝ ጥንቸል አለች፤ ገና በደንብ ያልተጫወተችበት አዲስ ውሻም አለ። ውሻውን መረጠች፤ ጥንቸሏ ከቀረው ዕቃ ጋር ትመጣለች ብላ ነዋ። ናዚዎች ቤቱን ከነዕቃው ወረሱት። አና ሂትለር በእነሱ መጫወቻ ሲጫወትና ጥንቸሏን አቅፎ ሲተኛ ይታያታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ባለች ትንሽ የንባብ ክፍል መጻሕፍት ወደ አማርኛ እየመለስሁ ለልጆች እተርካለሁ። እዚህ ቦታ ስደርስ ስለ ሂትለር የሚጠይቀኝ ልጅ የለም። ባለፈው አንዱ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጥንቸሏ ተቀይማታለች?» አለኝ። ሌላዋ ተቀብላ አናን ልትከላከል ሞከረች፤ ተመልሳ የምታገኛት መስሏት እኮ ነው አለች። ደቂቃዎች ተከራከሩ። ጥፋቱ የአና ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጉዳይ ከምንም በላይ አሳስቧቸዋል። ጦርነት ልጅን ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ይመስለኛል፦ የመንግሥታትን ጥፋት ልጁ ወደ ራሱ ይወስደዋል።

ከር ሞትን ከልጆች አልሸሸገችም። አና የምትወደው ጁሊየስ የሚባል የአራዊት ሊቅ አለ። አንዲት አያቱ አይሁዳዊት ስለሆነች ሥራውን ይነጠቃል። ቀርታ የነበረችው ደስታው፣ እኛ አንበሳ ግቢ እንሄድ እንደነበረው፣ መካነ አራዊቱ ገብቶ ዝንጀሮዎቹን ማየት ነበር። የመግቢያ ፈቃዱንም ወሰዱበት። ከዚያ በኋላ ራሱን አጠፋ። አንዲት ወረቀት ተነጥቆ ሰው ሲሞት የሚያነብ ልጅ፣ ክፋት ሁልጊዜ በታንክ እንደማይመጣ ያያል።

ሎይስ ላውሪ በ1989 ባሳተመችው «ከዋክብትን ቍጠሪ» ውስጥ አንዲትን ልጅ ከአዋቂዎች ውሸት ጋር ታፋጥጣታለች። ዘመኑ 1943፣ አገሩ ዴንማርክ ነው፤ ከሰባት ሺህ በላይ አይሁዶች በጀልባ ወደ ስዊድን የተሻገሩበት ወቅት። አሥር ዓመት የሞላት አነማሪ የማታውቃት አክስት ሞታለች፣ ሬሳ ሣጥኗም ሳሎን ሊገባ ነው ሲባል፣ እንዲህ ያለች አክስት እንደሌለቻት ታውቃለች። አጎቷን ላም ሲያልብ ታገኘውና ታፋጥጠዋለች። እሱም አይክድም፤ ሁሉን አለማወቅ ለድፍረት እንደሚረዳ ይነግራታል። አክብሯት ስለነገራት እወደዋለሁ።

በተቃራኒው የጆን ቦይን «ባለ ሰንተረር ፒጃማው ልጅ» (2006) ሲነበብ ያስለቅሳል፤ እኔ ግን ለልጆቼ አልተርከውም። የአውሽዊትዝ አዛዥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የካምፑ አጥር ምን እንደሆነ ፈጽሞ ሳይገባው ከአጥሩ ማዶ ካለ እስረኛ ልጅ ጋር ያወጋል። በናዚ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ያህል ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ካምፕ የደረሱ ትንንሽ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ እንደገቡ ተገድለዋል እንጂ አጥር ሥር ቁጭ ብለው የሚያወጉበት ጊዜ አልነበራቸውም። የአውሽዊትዝ ሙዚየምም በ2020 ታሪኩን ለሚያጠና ሰው መጽሐፉ እንደማይበጅ ተናግሯል። የዋህነት አለማየት አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የራሳችን ጦርነት ያለበት ነው። የበርሚንግሃሙ ገጣሚ ቤንጃሚን ዘፋንያ በ2001 ያሳተመው «ስደተኛው ልጅ» ዓለም ኬሎ የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ይጀምራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች ሌሊት በር ሰብረው ይገባሉ፤ ገጹን ስትገልጡ ያው ትዕይንት ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ ቃላት ኤርትራ ውስጥ ይደገማል። አባትየው ልጁን ወደ እንግሊዝ ይወስደዋል። ዓለም ውጭ አገር በማየቱ ተደስቶ ሆቴል ውስጥ ይተኛል፤ ጠዋት ሲነቃ አባቱ የለም፣ ደብዳቤ ብቻ ትቶለታል። በ2013 ይህን ታሪክ ሊድስ ላይ ለመድረክ ያዘጋጀው ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ለምን ሲሳይ ነው።

ሁለቱን ሌሊቶች ሳነብ አጥር የሚለየን ጎረቤቶቻችን ታወሱኝ። አጎቴ በዘመተበት በዚያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ኢትዮጵያ ኤርትራውያን ያለቻቸውን በአሥር ሺዎች አስወጣች፤ ከኤርትራም ኢትዮጵያውያን በአሥር ሺዎች ተፈናቅለው መጡ። የጎረቤታችን ልጅ እኩያዬ ነበረች። ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው በራቸው ላይ ነው። አንድ ማለዳ ጠፍጣፋዋን ድንጋዬን ይዤ ስሄድ በሩ ታሽጓል፤ ውሻቸው ደፉ ላይ ተኝቷል። እናቴ «ዘመድ ጥየቃ ሄዱ» አለችኝ። ውሻውን ሳይመግቡ ዘመድ ጥየቃ እንደማይኬድ አውቅ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ተጣልተን ነበርና በእኔ የተነሣ የሄደች መሰለኝ።

ዘንድሮ ቡና እየጠጣን እማዬን ያኔ እውነቱን ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ስኒዋን አስቀመጠች።

«አልጠየቅሽኝም እኮ» አለችኝ። «ክረምቱን ሙሉ በራቸው ላይ ብቻሽን መስመሩን እያሰመርሽ ዝናቡ ሲያጠፋብሽ አይሽ ነበር። ትጠይቀኛለች እያልሁ ስፈራ አልጠየቅሽኝም።»