የዓርማን ዳራ በፕሮግራም መለየትና ማንሳት

ዋተርማርክ የፎቶግራፍ ወይም የሰነድ ባለቤት ማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ በምስሉ ላይ ደብዘዝ ተደርጎ የሚያርፍ ዓርማ ወይም ጽሑፍ ነው። ዓርማው በጄፔግ ፋይል የተቀመጠ ከሆነ ግን ነጭ አራት ማዕዘኑን ይዞ በፎቶግራፉ ላይ ይለጠፋል፤ ምክንያቱም ጄፔግ የእያንዳንዱን ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተገነባበትን ጥቃቅን ነጥብ፣ ቀለም እንጂ ነጥቡ ከሥሩ ያለውን ምን ያህል እንደሚያሳይ አይመዘግብም። ይህ ልክ አልፋ ይባላል። ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ያፈለቁት ሲሆን፣ በ1996 የወጣው ፒኤንጂ የተባለው የፋይል ዓይነት ከ0 እስከ 255 ባሉ ደረጃዎች ሊይዘው ይችላል።

ዳራውን የሚያነሳ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የምስሉን አራት ማዕዘኖች ያነብና ቀለማቸው ከተቀራረበ ያንን የዳራ ቀለም አድርጎ ይወስዳል። «ከተቀራረበ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ክፍሎች እየከፈለ ስለሚያምቀው በፊደሎች አካባቢ ያለው ነጭ የድምቀት ልኩ 255 መሆኑ ቀርቶ 250 ወይም 247 ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህም የሚፈቀደው ልዩነት ሲጠብ ብጥስጣሽ ነጠብጣብ ይቀራል፣ ሲሰፋ ደግሞ በዓርማው ላይ ያለ ፈዛዛ ቢጫ ከዳራው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል።

ሥራው የሚለየው ግን በጠርዝ ላይ ነው። የፊደል ጠርዝ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሸጋገረው በግራጫ ፒክስሎች በመሆኑ፣ እያንዳንዱን ፒክስል «ይቅር» ወይም «ይሂድ» ብሎ የሚቆርጥ ፕሮግራም በጨለማ ፎቶግራፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለው ዓርማ ያተርፋል። መፍትሔው ሒሳብ ነው፤ በነጭ ላይ በተሣለ ጥቁር ዓርማ ጠርዝ 191 የሚነበብ ፒክስል ቢገኝ፣ ከ255 ሲቀነስ 64 ስለሚሆን፣ ፒክስሉ ሩብ ያህል ቀለም፣ የቀረው ዳራ ነው ማለት ነው፤ ፕሮግራሙም ፒክስሉን ፍጹም ጥቁር አድርጎ አልፋውን 64 ላይ ያስቀምጠዋል። ዓርማው ባለ ብዙ ቀለም ሲሆን የጠርዙ ትክክለኛ ቀለም ከውስጥ ጎረቤቱ ይወሰዳል፤ ይህ ግምት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ዓይን አይለየውም።

ሒሳብ የማይፈታው ጥያቄ በቅርጽ የተከበበው ነጭ ነው። ከማዕዘን ተነሥቶ እንደ ጎርፍ የሚስፋፋ አጠራረግ የ«ዐ»ን ክብና የ«መ»ን ሁለት ቀለበቶች ሳይደርስባቸው ይቀራል፤ ነጭን ባለበት ሁሉ የሚያነሳ ደግሞ በቀይ ክብ ውስጥ የተጻፉ ነጭ ፊደሎችን ቀዳዳ ያደርጋቸዋል። በ2020 የቀረበው ዩ-ስኩዌር-ኔት የተባለ የነርቭ መረብም ቢሆን፣ የሠለጠነው በፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ነገር ለመለየት ስለሆነ፣ ቀዳዳውን ከፊደሉ ጋር ጠቅልሎ ሊይዘው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ዳራው ራሱ የዓርማው አካል ሲሆን ነው። የ1949 የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት የቀይ መስቀልን ምልክት የሚደነግገው በነጭ መደብ ላይ ያረፈ ቀይ መስቀል አድርጎ በመሆኑ፣ አራቱን ማዕዘኖች አንብቦ ነጩን በጥንቃቄ ያነሣ ፕሮግራም፣ በራሱ ደንብ አንዳች ሳይሳሳት፣ ስምምነቱ ከሚያውቀው ምልክት የተለየ ነገር ያወጣል፤ እንዲህ ያለው ዓርማ ከነመደቡ እንዲታለፍ በስም ለይቶ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ሰው ነው።